በቀትር የሚጠየቅ ደን

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በእኛ አገር አይደለም። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በኋላ «እገሌን ማለቱ ነው፣ እንትናን መንካቱ ነው» የሚል ነገረኛ እንዳይመጣብኝ። የእኛ አገር ከወንዙ ወዲህ ነው። ያኛው አገር ከወንዙ ማዶ፣ ከማዶውም ማዶ ነው። ስሙ ጠፍቶኛል። እርጅና ስም ያስረሳል፤ ነገሩን ግን አያስረሳም።

በዚያ አገር ዛፍ የሚቆረጠው ተጠይቆ ነበር። ሰው ጎጆ ሊቀልስ ወይም ሞፈር ሊጠርብ ሲፈልግ መጥረቢያውን ይዞ ዘው አይልም። እያንዳንዱ ደን አንድ አውራጅ ነበረው። ዘፈን ሲዘፈን አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል አይደል? እዚያ የሚያወርደው ሰው ነው፣ የሚቀበለው ደኑ። አውራጁ ከደኑ አፋፍ ቆሞ አንድ ቤት ያዜምና ዝም ይላል። ረዥም ዝምታ ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ዘፋኙ ግጥሙ የጠፋበት ይመስለዋል። ግን የዘፈኑ ግማሽ ያ ዝምታ ነው፤ ለተቀባዩ የተተወ ቦታ። በዚያ ቦታ ላይ ቅጠል ከተንሿሿ፣ ዋኔ ከጮኸች፣ ጉሬዛ ካጉረመረመ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ከተፋተገ፣ ደኑ «ተው» ብሏል፤ መጥረቢያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ምንም ካልተሰማ ግን ደኑ ፈቅዷል።

ሕጉ አንድ ሌላ ነገርም ነበረው። በጥላው ሥር ያለ ሁሉ የደኑ አፍ ነው። ወፍም ይሁን፣ ጦጣም ይሁን፣ ፀሐይ ሸሽቶ የተጠለለ መንገደኛም ይሁን፣ «ተው» ካለ ደኑ ተናገረ ይባላል። የድሮ ሰው ሕግ ሲያወጣ አይቸኩልም፤ የሚጠለልን ሰው ከሚጠለልበት ነገር ለይቶ አያየውም ነበር።

የሚጠይቁት ጠዋትና ወደ ማታ ነበርና ደኑ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ነው የሚለው። ለአንድ የጣሪያ ወራጅ ክረምት ከበጋ የሚመላለስ ሰው ነበር። ቤታቸው ጠባብ ነበር። ምንጫቸው ግን አይደርቅም፣ ሰዎቹም ችኩል አልነበሩም።

ታዲያ አዳራሽ የሚወድ ንጉሥ ነገሠ። አንዱ አዳራሽ ሳያልቅ ሌላው ይታሰባል። የመጀመሪያው ለግብር፣ ሁለተኛው ለሙገሳ፣ ሦስተኛው ስለ ሁለቱ ለመመካከር። ደኑ ጠዋት ሲጠየቅ ተው፣ ማታ ሲጠየቅ ተው። ንጉሡ ሕጉን እንዳይሽር የአባቶቹ ሕግ ነው፣ ነውር ይሆንበታል። አዳፍሬ የሚባል የፈቃድ ሹም ነበረው። ሕግ ሳይነካ ሕግ የማፍረስ ጥበብ የተሰጠው ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው በእናንተ መንደር አታጡትም። ሄዶ ደን ዳር ተቀመጠና ሲያዳምጥ ዋለ። በበጋ፣ ቀትር ላይ፣ ንፋሱ ይወድቃል። ወፉ ምንቃሩን ክንፉ ሥር ይከታል፣ ጉሬዛው ያንቀላፋል። በዚያች ሰዓት ደን ዝም ይላል። አዳፍሬ እየሳቀ ተመለሰ አሉ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ ደን የሚጠየቀው በበጋ፣ በቀትር ብቻ ነው። ለምን ቢባል፣ ጠዋት ጤዛው የሹማምንቱን እግር ያረጥባል፣ ማታ ደግሞ ብርድ ነው። ሕዝቡም አዋጁን ሰምቶ «እውነት ነው፣ ይበርዳል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ደኖቹ አንድ በአንድ ይፈቅዱ ጀመር። ዝግባውም ፈቀደ፣ ጽዱም ፈቀደ፣ ወይራውም። ነገሩ ሲሰምርላቸው ሹማምንቱ ሰዉንም በቀትር ይጠይቁት ጀመር። ገበሬው እርሻው ላይ ሳለ ባዶ አደባባይ ወጥተው «ግብር ይጨመር ወይ?» ይላሉ። ባዶ አደባባይ ምን ይመልሳል? «ሕዝቡ ፈቅዷል» ተብሎ ነጋሪት ይጎሰማል።

ደኑ ሲያልቅ አውራጁ ምን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ተቀባይ የሌለው አውራጅ እንዳያዜም ሕጉ ይከለክላል። አንዱ ፍየል ጠባቂ ሆነ። አንዷ ልጇ ቤት ገብታ ጥግ ይዛ ቀረች። ምሳ ላይ ሳይቀር አንድ ቃል ትናገርና አንገቷን ዘንበል አድርጋ መልስ ትጠብቃለች አሉ። ቤተሰቡ ዝም ብሎ ይጎርሳል።

በመጨረሻ አንድ ደን ቀረ፤ አንድ አውራጅም ቀረች። ደኑ የጉም ደን ይባላል። ሴትየዋ እትዬ አትጠገብ ናት።

አውራጅ መንደር ውስጥ አይኖርም፤ ጆሮው በሰው ወሬ ይሞላል ይላሉ። ስለዚህ እትዬ አትጠገብ ገና በልጅነቷ ድምፅዋ ተመርጦ፣ ደኑ አፋፍ ላይ ጎጆ ተቀለሰላትና በዚያው ቀረች። አላገባች፣ አልወለደች። ወደ እሷ የሚመጣ ሰው መጥረቢያ ይዞ ነው። ፈቃድ ሲያገኝም ሲያጣም ይሄዳል። «እንዴት ዋልሽ» ብሎ ቁጭ የሚል አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገር የመለሰላት ያ ደን ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ እንዲያው ለሰላምታ አንድ ቤት ታወርዳለች። ንፋሱ ይቀበላታል። ሌላ ታወርዳለች፣ ግንደ ቆርቁር ይቀበላታል። እንዲህ ሲሉ ፀሐይ ትሞቃለች። ደስተኛ ነበረች ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብቸኛ ነበረች። ብቸኝነቷን የሚያውቅላት ግን ነበራት፤ ብዙ ሰው ይህንንም አያገኝ።

አንድ ቀን አዳፍሬ በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ፣

«እትዬ አትጠገብ፣ ንጉሡ አራተኛ አዳራሽ አስበዋል» አላት።

«ይቅናቸው። ለምኑ ይሆን?»

«ስለ ደን ለሚዘፈንበት። ንጉሡ እኮ ደን ነፍሳቸው ነው።»

«ይህም ካለቀ ስለ ምኑ ይዘፈናል?»

«ስለ ትዝታው። ትዝታ ከደኑ ይሻላል፣ እትዬ። እሳት አይበላው፣ ፍየል አይግጠው፣ ጠባቂ አይፈልግ።» አዳፍሬ በራሱ ንግግር ተደሰተ። «ነገ ቀትር ላይ ይጠይቁልናል።»

«አልጠይቅም ብልስ?»

«መብትዎ ነው። ያልተጠየቀ ደን ግን የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ የንጉሡ ነው። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ባይጠይቁ ሥራው ይቀልልን ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እትዬ አትጠገብ። ምን ትበል ሌላ?

ሲሄድ ወደ ደኑ ገባችና ዝግባ ሥር ተቀመጠች። ይህ ደን ከሄደ የምታናግረው የላትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከብት የላት፣ ርስት የላት፣ ወገን የላት፣ ሌላ የሚሄድባት ምንም አልነበረም። ፈራች። ዕድሜ ልኳን ብቻዋን ኖራ ብቸኝነትን ያን ዕለት ገና ፈራችው። ለደኑ ነገረችው። ደኑ ያችኑ አንዲት የሚያውቃትን ቃል መለሰላት።

እዚያው ተቀምጣ ሕጉን በልቧ አገላበጠችው። ዘፈኑ ካላለቀ ዝምታ አይቆጠርም ይላል። የዘፈኑ ርዝመት ግን የትም አልተነገረም። የደን ዘፈን የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቀው አውራጁ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከሸለቆው ንፋስ እንደሚነሣ ደግሞ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እስከዚያ ድረስ ጉሮሮዬ ይችላል ወይ ብላ አሰበች። ይችላል አለች።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ መጣ። የቀረው እርሻ አልነበረም፤ ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል። ሁሉም ፀሐዩን ሸሽቶ ጥላው ሥር ተጠጋ። አዳፍሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«በጥላው ሥር ያለ ሁሉ የደኑ አፍ ነው፤ ሕግ ነው» አለ። «ዘፈኑ ከተጀመረ ወዲያ ያስነጠሰ፣ ያሳለ ሰው የንጉሡን አዳራሽ አፈረሰ ማለት ነው። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ ያዙ። አስቡት፣ አንዲት ሳል ደኑን ታድን ነበር። ጉንፋን የማይለየው አገር ያን ዕለት ጉሮሮው ደህና ነበር።

ከአዳፍሬ ጎን ዝምታ ሰሚው ተቀምጧል። ዝምታ ሰሚ ሹመት ነው። ደኑ መለሰ አልመለሰም ብሎ የሚናገር እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው ቢሰማም እንዳልሰማ ይቆጠራል። ሹመቱን የያዘው አያ ቢሻው የሚባል ሽማግሌ ነበር። አያ ቢሻው ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ጆሮው አልቋል። ነጎድጓድ ከራሱ በላይ ቢፈነዳ ዞሮ አያይም። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳፍሬ ትከሻውን መታ ያደርገዋል፣ እሱ ይነሣና የሰማውን ይናገራል። የሰማውም ሁልጊዜ ያው ነው። ሐሰት ተናግሮ አያውቅም።

እትዬ አትጠገብ ቆመች። ንፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ቅጠሉ በራሱ ላይ ውሃ እንደተሸከመ ሰው ቀጥ ብሏል። የድሮውን መጠየቂያ አወረደች፦

«ጥላህ ጥላዬ ነው፣ ቅጠልህም ልብሴ፣
ልቁረጥህ ወይ ደኔ? ልተውህ ለነፍሴ?»

ዝም አለች። ደኑም ዝም አለ። አዳፍሬ እጁን ወደ አያ ቢሻው ትከሻ ሲሰድ፣ እሷ ቀጠለች፦

«ብቻዬን ነኝ ብዬ ጫካ ገብቼ ባለቅስ፣
እልፍ ቅጠል ወጣ እንባዬን የሚያብስ።»

እንደገና ዝም አለች። የአዳፍሬ እጅ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ያለው መጠየቂያ አልነበረም፤ ከራሷ አንጀት የሚወጣ ነበር። ማንም ሰው ሰምቶት አያውቅም፣ በየጠዋቱ ለደኑ ብቻ የምትለው ነው። በየቤቱ መካከል ረዥም ቦታ ትተዋለች፤ ቦታውን የሚቀበል ይጠፋል፤ እንደገና ታወርዳለች፦

«ሰው ሲጠሩት ያድራል፣ ይመጣል፣ ይቀራል፣
ዛፍ ግን ከቆመበት ሳይጠሩት ይኖራል።»

አንዳንዱ ሰው አንገቱን ደፋ። ያቺ ሴትዮ እዚያ አፋፍ ላይ ለስንት ዘመን ለብቻዋ እንደኖረች ያን ዕለት ነው የታወሳቸው። ማልቀስ ግን ድምፅ አለውና አላለቀሱም።

ፀሐዩ በረታ። አዳፍሬ ለክብሩ ብሎ ከሰዉ ጋር ሳይጠጋ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር፤ ላቡ ባንገቱ ወረደ። ትንሽ ቆየና ጎንበስ ጎንበስ እያለ ወደ ጥላው ገባ። እትዬ አትጠገብ በዓይኗ ተከተለችው፦

«ሹሙ ፀሐይ በዝቶት ላቡ ረገፈ፣
ሊያስቆርጠው መጥቶ ጥላው ሥር አረፈ።»

የሰዉ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ነጠላው ውስጥ ሳቁን የዋጠ ዋጠው። አዳፍሬ እሱም የደኑ አፍ ሆኗልና «ዝም በይ» ሊላት አልቻለም፤ ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

እንዲህ ስትል ፀሐይ ዘንበል አለች። ድምፅዋ ሻክሮ፣ እግሯ ዝሎ፣ ግን ታወርዳለች። ከዚያም ከሸለቆው ንፋስ ተነሣ። መጀመሪያ ዳር ያለው ዋንዛ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ጽዱ፣ ከዚያ ዝግባው ከነግርማው አጓራ። ጉሬዛዎቹ ነቁ። ዋኔዎቹ ከየቅርንጫፉ ተነሡ። ደኑ በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ አፉ፣ ተይ አላት። እትዬ አትጠገብ ዘፈኑን እዚያ ላይ ጨረሰችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደስ ብሏት ታለቅስ ነበር።

አዳፍሬ ላቡን ጠርጎ ከጥላው ወጣና የአያ ቢሻውን ትከሻ መታ አደረገ። አያ ቢሻው ተነሣ።

«ምን ሰማህ?» አለው አዳፍሬ፣ በእጁ ምልክት እያሳየ።

«ምንም አልሰማሁም» አለ አያ ቢሻው።

«ደኑ ፈቅዷል» አለ አዳፍሬ።

እትዬ አትጠገብ ተነሥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች። ክንዱን ይዛ ወደ ላይ አሳየችው። አያ ቢሻው ቀና ብሎ አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ቅጠሉስ ይንቀሳቀሳል» አለ።

«የተሾምከው በጆሮህ ነው» አለ አዳፍሬ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ለሽማግሌው ሳይሆን ለእነሱ። «ዓይን ሹመት የለውም። ዓይን ይስማ ከተባለ ነገ አፍንጫም ይፍረድ ሊባል ነው።»

እሷም ወደ ሕዝቡ ዞረች። ንፋሱ የሰዉን ነጠላ ሳይቀር ያርገበግብ ነበር። «እናንተስ?» አለቻቸው። «አልሰማችሁም?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ እኛ ምን አውቀን» አሉ። «ለመስማት እኮ የተሾመ ሰው አለ።»

ደኑ ተቆረጠ። አላስረዝመውም። ቆራጮቹ እነዚያው ሥራ ያጡት፣ ጥላው ሥር የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ቀለብ ይሰጣቸዋል ተብሎ ነበርና። እትዬ አትጠገብ ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። ጠዋት ከልማድ ተነሥታ አንድ ቤት ልታወርድ አፏን ከፍታ፣ የሚቀበላት እንደሌለ ታስታውስና ትመልሰዋለች። ንፋሱማ ይነፍሳል። የሚያናግረው ቅጠል ሳይኖር ንፋስ አቧራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አያ ቢሻው ብቻውን መጣ። ጉቶ ላይ ተቀመጠ፣ ሲያፍር ቆየና፣

«እትዬ፣ ልጠይቅሽ» አለ። ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንምና ይጮህ ነበር። «ያን ዕለት መልሶልሽ ነበር?»

እትዬ አትጠገብ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ።

«ብዙ?»

አዎ።

አያ ቢሻው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ሹመቱን ሲሰጡኝ፣ ጌቶቼ እኔ እኮ አልሰማም ብያቸው ነበር» አለ። «እሱን ነው የምንፈልገው አሉኝ። እኔ የሹማምንት ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እሷም ብዙ የምትለው ነበራት፤ ምኑን ትበለው? ብትናገር አይሰማ። ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ ጉቶዎቹ ሲያዩ ዋሉ።

አዳራሹ ተሠርቶ አለቀ። ምሰሶው ዝግባ፣ ወራጁ ጽድ፣ በሩ ወይራ። ለምርቃቱ ያ የደን ዘፈን እንዲዘፈን ንጉሡ አዘዘ። ሕጉ ተቀባይ የሌለው አውራጅ አያዜም ይላል፤ ስለዚህ ተቀባይ ተሾመ። የንፋስ ሹም ተሾመ፣ በሥሩ ደረቅ ቄጠማ የሚያንኮሻኩሹ ጎበዛዝት አሉት። የወፍ ሹም ተሾመ፣ በሥሩ አፏጮች አሉት። ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይባል የለ? በየትኛው ቤት ላይ ማን እንደሚያንኮሻኩሽ፣ ማን እንደሚያፏጭ ለብዙ ቀን ሲለማመዱ ከረሙ። አዳራሹ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ንጉሡ ሳይናገር ወይም ሳያዝ ማንም ቃል አያወጣም።

እትዬ አትጠገብን በበቅሎ አመጧት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሹማምንቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ አያ ቢሻውም ስለ ታማኝነቱ ካባ ለብሶ ከአዳፍሬ ጎን ተቀምጧል። ወደ ላይ ቀና ብላ ወራጆቹን አየች። አንድ በአንድ አወቀቻቸው። የትኛው በየት በኩል ቆሞ እንደነበር፣ የትኛው ላይ ግንደ ቆርቁር ይቆረቁር እንደነበር አወቀች።

የመጀመሪያውን ቤት አወረደች፤ ጥላህ ጥላዬ ነው የሚለውን። ቦታውን ስትተው የንፋስ ሹም እጁን አነሣ፣ ቄጠማው ተንኮሻኮሸ። የወፍ ሹም አገጩን ነቀነቀ፣ አፏጮቹ አፏጩ። ንጉሡ ዜማው ጥሞት ዓይኑን ጨፈነ። ሹማምንቱም ንጉሡን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ አትጠገብ ለአንድ አፍታ በእውነት የሚቀበላት ያለ መስሏት ነበር አሉ። ፉጨቱን ስትሰማ ግን ልቧ ቆረጠ። እንደዚያን ቀን ያለ ብቸኝነት ጉቶዎቹ መካከልም አላገኛትም። ሁለተኛው ቤት እስኪመጣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ፣ እሷ ያልተለማመዱትን አወረደች፦

«ወራጅህ ወንድሜ፣ ምሰሶህ እህቴ፣
ላፍርስህ ወይ አዳራሽ? ንገረኝ በሞቴ።»

ቦታውንም ተወችለት። የጥንቱን፣ ረዥሙን ቦታ።

የንፋስ ሹም እጁን ሊያነሣ ብሎ ቆመ። ይህ ቤት በልምምዱ የለም። ወደ ወፍ ሹም አየ። የወፍ ሹም ወደ አዳፍሬ አየ። አዳፍሬ ሕግ አዋቂ ነው፣ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ በጥላው ሥር ያለ ሁሉ አፍ ነው፣ አንዲት ፉጨት፣ አንዲት «ተይ» ትበቃለች። ግን ንጉሡ ሳይናገር እንዴት ይናገር? ወደ ንጉሡ አየ። ንጉሡ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ወደ ሹማምንቱ አየ። እሷም ሁሉንም አየቻቸውና ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን አወረደች፦

«ሰው ሞልቶህ ሰው ጠፋ፣ ቃል ከየት ይምጣ፣
ተይ የሚል አንድ አፍ ከዚህ ሁሉ ታጣ?»

መልሱን እንኳ በአፋቸው አጎረሰቻቸው። አዳራሹ ዝም አለ። ቄጠማው በጎበዛዝቱ እጅ ውስጥ ቀጥ ብሏል። እትዬ አትጠገብ እጇን አጣምራ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ዘፈኑ አለቀ።

የአዳፍሬ እጅ ለስንት ዘመን ዘፈን ባለቀ ቁጥር አንድ ነገር ማድረግ ለምዷል። ያን ዕለትም፣ አእምሮው ሳያዘው፣ ሄዶ የአያ ቢሻውን ትከሻ መታ አደረገ።

አያ ቢሻው ተነሣ። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየ። እያንዳንዱን አፍ አየ። «ምንም አልሰማሁም» አለ በዚያ በማይመጠን ድምፁ። «ዛሬ በዓይኔም አይቻለሁ። አንድም አፍ አልተከፈተም። አዳራሹ ፈቅዷል።»

ንጉሡ በጩኸቱ ዓይኑን ገለጠ። «አለቀ እንዴ?» አለ። «ግሩም ነበር፤ ግን አጠረ።» ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ምግብ ቀረበ። የሆነውን ለንጉሡ የነገረው የለም፤ ለመንገር መጀመሪያ ንጉሡ መጠየቅ ነበረበት።

እትዬ አትጠገብ ወጥታ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሕጉ ግልጽ ነው። የተፈቀደውን መቁረጥ ለማንም ይቻላል፤ መጥረቢያ ያነሣ አይከሰስም፤ የተሰጠን ፈቃድ ንጉሥም ቢሆን አይሽረውም። አንድ ሰው ትጠብቅ ነበር። አንድ ብቻ። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ይወጣ ጀመር። አጠገቧ ሲደርስ ሁሉም መንገዱን በዓይኑ ይፈልጋል። አንድ ጎልማሳ ብቻ ቆም አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እትዬ፣ ዛሬ በጣም ጥሩ ዘፈንሽ» አላት።

«ሰማኸኝ?»

«ሁሉንም ሰማሁ። አንዲትም አላመለጠኝ።»

«ታዲያስ?»

ጎልማሳው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ልጆች አሉኝ፣ እትዬ» አለና ሄደ።

አያ ቢሻው መጨረሻ ላይ ወጣ። ካባውን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞታል። አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም የምታደርገው ቢቸግራት፣ ፊቱን እያየች፣ ድሮ በየጠዋቱ ለሰላምታ የምትለውን አንዲት ቤት ቀስ ብላ አወረደችለትና ቦታውን ተወች። አያ ቢሻው አፏን ሲያይ ቆይቶ፣ ከንፈሯ ሲገጥም ጊዜ የጨረሰች መሰለው። ተነሥቶ፣ «በይ እትዬ፣ ደህና እደሪ» ብሎ ምርኩዙን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷም ጥቂት ቆይታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የጠየቀም አልነበረም።

አዳራሹ ዛሬም ቆሟል ይላሉ። ንጉሡ አለፈ፣ ሌላ ነገሠ፣ ሌላም። በየዓመቱ ስለ ደን ይዘፈንበታል። በዚያ አገር መጥረቢያ የሌለበት ቤት የለም። ፈቃዱንም የሻረው የለም።